ከስክሪን እስከ ቀዝቃዛ ሞተር፦ መኪና የገዛሁበት መንገድ

መኪናዬን ያገኘሁት በኢንተርኔት ነው፤ የገዛሁት ግን የሻጩ መኪና ማሳያ አዳራሽ ድረስ ሄጄ ነው። ኢንተርኔት የማይሆነውን ለመጣል ይጠቅማል፤ የሚሆነውን ለመምረጥ አይበቃም።

ከቤት ሳልወጣ ከእያንዳንዱ ሻጭ የሻንሲ ቁጥሩን (የመኪናውን መለያ ቁጥር) እና የጎማውን ጎን ፎቶ አስላክሁ። ዓለም አቀፉ የሻንሲ ቁጥር 17 ፊደልና አኃዝ ነው፤ ከ1 እና ከ0 ጋር ስለሚምታቱ የእንግሊዝኛ ፊደሎቹ አይ (I)፣ ኦ (O) እና ኪው (Q) አይገቡበትም። ከገቡ ወይ በስህተት ተገልብጧል ወይ ተነካክቷል። (ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩት አጠር ያለ ቁጥር ስላላቸው ይህ አይመለከታቸውም።) ጎማው ላይ 2319 የሚል ካለ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው፤ «አዲስ ጎማ ነው» የሚለው ወሬ እዚያው ያበቃል። ታጥቦ ሳይደርቅ የተነሳ ፎቶ ግን አላምንም፤ ውሃ ጭረቱንም የቀለም ልዩነቱንም ይደብቃል።

ወደ አዳራሹ ከመሄዴ በፊት ደውዬ «ሳልደርስ እንዳታስነሱት» አልኩ። የሞቀ ሞተር ብዙ ገመና ይሸፍናል፦ የደከመ ባትሪ፣ ሲነሳ ብቻ የሚታይ ሰማያዊ ጭስ፣ የሞተሩ ውስጥ ካቴና መንኳኳት። ኮፈኑን በእጅ መዳሰስ ደህና ነው፤ ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ሰክቶ፣ ቁልፉን ብቻ ከፍቶ የራዲያተሩን ውሃ ሙቀት ማንበብ ግን ይበልጣል። ውጭው 20 ዲግሪ ሆኖ ስካነሩ 55 ካለ ቀድመው አስነስተውታል፤ ሌላ ቀን ጠዋት መመለስ ነው። መኪናው ራሱን የሚፈትሽባቸው ሙከራዎች «አልተጠናቀቀም» ካሉ ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ ወይ ባትሪው በቅርቡ ተነቅሏል ወይ የብልሽት ኮድ ተሰርዟል። ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ስለሌለ ብቻ ልቤ አያርፍም።

ዋጋ ላይ ሻጩ ወርሃዊ ክፍያ ሲያወራ እኔ ጠቅላላውን ጠየቅሁ። ዓመቱ ሲረዝም ወርሃዊው ያንሳል፣ ወለዱ ግን ይከመራል።

የሳትኩት የመንዳት ሙከራው ላይ ነው፤ ቀጥ ባለ መንገድ ብቻ ነዳሁ። መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዤ በዝግታ ብዞር ኖሮ፣ የፊት ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ መገጣጠሚያ «ቀጭ ቀጭ» ሲል እሰማ ነበር። መገጣጠሚያውን የሚሸፍነው ላስቲክ ተቀዷል። ጎንበስ ብዬ ከጎማው ጀርባ ባይ እንኳ፣ የተረጨው ግሪስ ይታይ ነበር።