አንዲት ቃል ከድሬዳዋ ሐረር ስታመላልሰኝ

ለሐረር ጎብኚዎች በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ አጭር ጽሑፍ ወደ አማርኛ እንድመልስ ተሰጥቶኝ፣ ድሬዳዋ ከዚራ በሚገኘው ቤቴ ሆኜ በሳምንት እጨርሰዋለሁ ያልሁት ሥራ «ስዌይ» በምትባል አንዲት ቃል የተነሣ አንድ ወር ፈጀብኝ። ቃሏን አውቃታለሁ ብዬ ስለተማመንሁ መዝገበ ቃላት እንኳ አልገለጥሁም፤ በትምህርት ቤት የተማርናት ዛፍ በነፋስ ሲወዛወዝ ነውና። ስለዚህ በራኡፍ ፓሻ የተመራው የግብፅ ጦር እ.ኤ.አ. በ1875 ሐረር ከገባ በኋላ የሆነውን የሚተርከውን ዐረፍተ ነገር «ግብፆች ሐረርን ለአሥር ዓመት አወዛወዟት» ብዬ ጽፌ አለፍሁ።

ረቂቁን ያነበቡልኝ ጀጎል ውስጥ የሚኖሩ፣ የከተማቸውን ታሪክ ጠንቅቀው የሚያውቁ አዛውንት ነበሩ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው፣ «ልጄ፣ ሐረር ባለ ግንብ ከተማ ናት እንጂ ባሕር ዛፍ አይደለችም፤ ማን ነው የሚያወዛውዛት?» አሉኝ። የምመልሰው ጠፋኝ።

መዝገበ ቃላቱን የገለጥሁት ከዚያ ወዲያ ነው። «ስዌይ» ግስ ስትሆን ከወዲያ ወዲህ መወዛወዝንም፣ የሰውን ሐሳብ ወደ አንድ ወገን መሳብንም ትገልጻለች፤ ስም ሆና «መያዝ» ከሚለው ግስ ጋር ስትጣመር ደግሞ መግዛት ወይም መስፈን ማለት ናት። ሥሯ መጉበጥንና መዝመምን ከሚያመለክት የጥንት የስካንዲኔቪያ ግስ ጋር ይዛመዳል መባሉን ሳነብ ነገሩ ትንሽ ፈካልኝ፤ የሚጎብጥ ነገር አለ፣ የሚያጎብጠው ኃይልም አለ፤ ግዛት የሚለው ትርጉም የኃይሉን ወገን ይዞ የቀረ መሰለኝ።

መወዛወዝ ራሱ ግን እንዳሰብሁት ቀላል አልነበረም። እንግሊዝኛው ከላይ ተንጠልጥሎ ለሚወዛወዘው፣ ለምሳሌ ለዥዋዥዌ፣ «ስዊንግ» የሚል ሌላ ቃል አለው፤ «ስዌይ» ብዙውን ጊዜ ከታች ሥር ወይም እግር ላለው ነው። ይህን የተረዳሁት ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ስወጣ፣ በደንገጎ ጠመዝማዛ ላይ፣ በሞላ ሚኒባስ ውስጥ ነው። መኪናው በታጠፈ ቁጥር ሁላችንም ከወገባችን በላይ ወደ አንድ ጎን እንዘምና መልሰን እንቃናለን፤ እግራችን ግን ካለበት አልተነሣም። አጠገቤ የተቀመጡ እናት የያዙት የማንጎ ዘንቢል ሳይቀር አብሮን ይዘም ነበር።

ለተጽዕኖው ትርጉም «ማሳመን» የሚለውን ሞክሬ ተውሁት። ማሳመን ማስረጃና ክርክር ይፈልጋል፤ «ስዌይ» ግን በስሜትም፣ በወሬም፣ በንግግር ለዛም ይሆናል፤ የሰሚው ልብ ወደ አንድ ወገን ማድላቱ ብቻ ይበቃል። እዚህ ላይ አማርኛችን ሳልጠይቀው ደረሰልኝ፦ ሚዛን ያዘነብላል፣ ልብም ያዘነብላል። «ሕዝቡ በንግግሩ ተወዛወዘ» ብዬ የጻፍሁት መስመር ሕዝቡን ወላዋይ አድርጎት ነበር፤ «ልቡ ወደ ተናጋሪው አዘነበለ» ስለው ግን ተቃና። አሉታው ደግሞ ከሁሉ ቀለለኝ፤ እንግሊዝኛው በምንም አልተበገረም ለማለት በዚችው ቃል የተጠቀመበትን ቦታ ሁሉ «ንቅንቅ አላለም» ሞላው። እንዲህ ዓይነቱን ግጥምጥም በተርጓሚነት ዘመኔ ብዙ ጊዜ አላገኘሁም።

ከዚያ በኋላ አሠራሬን ቀየርሁ። ቀድሞ በደብተሬ ላይ ከእንግሊዝኛው ቃል ጎን አንድ የአማርኛ ፍቺ ብቻ እጽፍ ነበር፤ አሁን ዐረፍተ ነገሩን በሙሉ እገለብጥና የሚዘመው ማን ወይም ምን እንደሆነ፣ የሚያዘምመውም ማን እንደሆነ በኅዳጉ ላይ አሰፍራለሁ። ዛፍ ወይም ሰውነት ከሆነ ተወዛወዘ፣ ልብ ወይም ሐሳብ ከሆነ አዘነበለ፣ አገር ከሆነ ገዛ፣ ሐሳብ ወይም ልማድ በዘመኑ ላይ ከሆነ ሰፈነ እላለሁ። ሥራው አዝጋሚ ነው፤ ከፋዩም ለዚህ ተጨማሪ አልከፈለኝም።

የተስተካከለውን ረቂቅ ይዤ ለሦስተኛ ጊዜ ጀጎል ስገባ አዛውንቱ ያንኑ መስመር ፈልገው አገኙት። «ግብፆች ሐረርን ገዙ» የሚለውን ቀስ ብለው አነበቡና፣ «እንግዲህ ገዙ ካልህ፣ መውጣታቸውንም ጨምርበት» ብለው እስክሪብቶዬን ተቀብለውኝ 1885ን በገዛ እጃቸው በኅዳጉ ላይ ጻፉበት።