እናቴ «ስንት ይከፍሉሃል?» አለችኝ

ለማራቶን መመዝገቤን በስልክ ስነግራት የእናቴ የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ይከፍሉሃል?» የሚል ነበር። የከፈልኩት እኔ ነኝ አልኳት። ዝም ስትል መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ። አልተቋረጠም። «አንተ ልትሮጥ ገንዘብ ከፈልክ?» አለች። አልፈርድባትም፣ እኛ አገር ሩጫ እንጀራ ነው።

የተመዘገብኩት እዚሁ ዋሽንግተን በጥቅምት ለሚሮጠው የማሪን ኮር ማራቶን ነው። ከ1976 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ያለ ሩጫ ነው፤ ለአሸናፊ እንኳ የገንዘብ ሽልማት የለውም። ይህችን ለእናቴ አልነገርኳትም።

ሥራ ቦታ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ኢትዮጵያዊ ነህና ትችልበታለህ ይሉኛል። እኔ ቦሌ ያደግኩ ልጅ ነኝ፣ ትምህርት ቤት በሰርቪስ ነው የሄድኩት! አንዱ ጭራሽ በባዶ እግርህ ነው የምትሮጠው? አለኝ። በ1960 ሮም ላይ ያሸነፈውን አበበ ቢቂላን ማለቱ ነው። አበበ ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ፣ ያውም ትርፍ አንጀቱን ኦፕራሲዮን ከሆነ አምስት ሳምንት ገደማ ቢሆነው፣ በ2:12:11 እንደገባ ነገርኩትና ዝም አሰኘሁት። መዘዙ ግን ለራሴ ተረፈ። አሁን ጉልበቴን ባመመኝ ቁጥር አበበ ፊቴ ድቅን ይላል፣ አፍራለሁ።

ልምምዱን ሰኔ ላይ ስጀምር በየቀኑ በቻልኩት ፍጥነት እሮጥ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ቅልጥሜን አመመኝና ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ድሮ ሱሉልታ ይለማመድ የነበረ ጓደኛዬ ሰምቶ ሳቀብኝ። «በሳምንት አንድ ቀን ፍጠን፣ አንድ ቀን ረጅሙን ሩጥ፣ በቀረው ቀን አያትህን ቤተ ክርስቲያን እንደምትሸኝ ሁን» አለኝ። እያወራህ መሮጥ ካልቻልክ ፈጥነሃል ማለት ነው አለ። ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ጋሪ የምትገፋ እናት አልፋህ ስትሄድ ዝም ብሎ ማየት ሆድ ይጠይቃል።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ። የዋሽንግተን ነሐሴ ሌሊት 11 ሰዓት እንኳ ወጥተህ አየሩ እንደ እንፋሎት ነው። እረፍቴ ዓርብ ስለሆነ ረጅሙን ሩጫ ያኔ አደረግኩት፦ 24 ኪሎ ሜትር፣ ውሃም ሳልቀምስ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጾም አስቤ። የምሮጠው ከጆርጅታውን በሚነሳው የድሮ ቦይ ዳር ነው። ድሮ በቅሎዎች ጀልባ ይጎትቱበት የነበረ መንገድ ነው፣ እንደ ኮሮኮንች ስለሆነ ለጉልበት ይመቻል። 19ኛው ላይ ዓይኔ ጭጋግ ለበሰና ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ጡንቻና ጉበት ውስጥ ያለው ስኳር ሲሟጠጥ እግር አልታዘዝ ይላል። ብዙ ሰው ማራቶን ላይ ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ «ግድግዳ» የሚለው ይኸው ነው፤ እኔ ሳልበላ ወጥቼ፣ ላብ እያንጠፈጠፈኝ፣ ቀድሜው ደረስኩ።

እዚህ ያለች አክስቴ ይህን ስትሰማ «ቅዳሜ በጠዋት ይቀመስ የለ እንዴ፣ ምን ዓይነቱ ነው!» አለችኝ። እውነቷን ነው። የሥራ ተራዬን ለወጥኩና ረጅሙን ሩጫ ወደ ቅዳሜ አዞርኩት፣ እሷም በሶ ሰጠችኝ። መጀመሪያ ጭብጦውን በፌስታል ጠቅልዬ እየሮጥኩ ልበላ ስል ትን ብሎኝ ልሞት ነበር። ሩጫና ደረቅ በሶ አይስማሙም። አሁን ስኳርና ትንሽ ጨው ጨምሬ፣ ቀጠን አድርጌ በጥብጬ በኮዳ እይዛለሁ። ሱቅ የሚሸጠውን ሙጫ የመሰለ ጄል ሞክሬዋለሁ፤ ዋጋውም ጣዕሙም አይነሳ።

ባለፈው ቅዳሜ 32 ኪሎ ሜትር ሮጥኩ። ይህችን ቁጥር የፈለግኳት በምክንያት ነው። ውድድሩ ላይ 32ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ድልድይ አለ፣ በሰዓቱ ያልደረሰ ሰው በአውቶቡስ ይሰበሰባል። እኔ ደግሞ አውቶቡስ ለመሳፈር አይደለም ያን ሁሉ ዶላር የከፈልኩት። 32ቱን ስጨርስ በእግሬ ቆሜ ነበር፣ ቤቴ ስደርስ ግን ጫማዬን ለማውለቅ አስር ደቂቃ ፈጀብኝ።

አሁን የቀሩኝ ሁለት ሳምንታት ናቸው፣ እግሬ ለውድድሩ እንዲያርፍ ሩጫውን መቀነስ አለብኝ። ይሄ ደግሞ ሌላ ስቃይ ሆነ፤ ቁጭ ስል ያላመመኝ ቦታ ሁሉ ያመኛል።

ትናንት እናቴ ደወለች። «ያ የከፈልክበት ነገር መቼ ነው?» አለች። ነገርኳት። «ሰው ይመጣል በሚቀጥለው ሳምንት፣ በሶ ልላክልህ እንዴ?»

ሦስት ኪሎ አልኳት።