እመቤቴ፣ የሚያውቀውን ሰው አምጪልኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ፣ ኩላሊቶቼ ሥራቸውን ካቆሙ ወዲህ በሳምንት ሦስት ጊዜ በእጥበት የምኖር እናት ነኝ። ለመመስከር ተስያለሁና ይኸው እናገራለሁ።

በጭኔ ላይ ወይን ጠጅ መልክ ያለው ምልክት ወጣና ቆዳው ጠቁሮ ምጣድ ላይ እንዳረረ እንጀራ ደረቀ፤ ዙሪያውን ነጠላዬ ሲነካኝ እንኳ እጮህ ነበር። የቆዳ ኢንፌክሽን ነው ተብሎ የተሰጠኝ መድኃኒት አልረዳኝም፤ ጎረቤቶቼም የሰው ዓይን ነው አሉ። ቁስቋም ማርያም ሄጄ፣ «እመቤቴ፣ ይህን በሽታ የሚያውቀውን ሰው አምጪልኝ» ብዬ ጥላ ተሳልሁ። ፈውስ መለመን እንኳ ከብዶኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ በእጥበት ክፍሉ ተረኛ የነበረ ወጣት ሐኪም ቁስሉን አይቶ፣ «እናቴ፣ ዋርፋሪን ይወስዳሉ?» አለኝ። እግሬ ላይ ለረጋው ደም እወስድ ነበር። ሕመሙ ካልሲፊላክሲስ እንደሚባል፣ ካልሲየም በቆዳና በስብ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን የደም ሥሮች ላይ እየተጋገረ ደም እንደሚያሳጣቸው፣ ዋርፋሪንም እንደሚያባብሰው ነገረኝ። ከሚያዛቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ፣ ብዙዎቹንም የሚገድላቸው በቁስሉ ገብቶ ደም የሚመርዝ ኢንፌክሽን እንደሆነ ለልጄ የነገራት ለብቻዋ ነው፤ እኔ የሰማሁት ከዳንሁ በኋላ ነው።

ዋርፋሪኑ በሌላ መድኃኒት ተተካ፤ ካልሲየም ያለባቸው ክኒኖችና ቫይታሚን ዲ ቀሩ፤ ፎስፈረሴ እንዲወርድ ምግቤ ተመጠነ። ሶዲየም ታዮሰልፌት የተባለውን መድኃኒት ግን ዘመዶቼ በስንት ልፋት ከውጭ አገር አስመጡልኝ። በእያንዳንዱ እጥበት የመጨረሻ ሰዓት 25 ግራም በደም ሥሬ ሲንጠባጠብ ሆዴ ይገለበጥ ነበርና፣ ዓይኔን ጨፍኜ ውዳሴ ማርያም እደግም ነበር።

የንስሐ አባቴም ጸበሉን እንድጠጣ፣ ቁስሉን ግን ሐኪም ሳይፈቅድ እንዳላጠምቀው፣ መድኃኒቱንም እንዳላቋርጥ አዘዙኝ። ጸበልና መድኃኒት የሚያጣሉ ሰዎች ምነው እርሳቸውን በሰሟቸው!

መጀመሪያ የቀለለልኝ ሕመሙ ነው፤ እንቅልፍ ወሰደኝ። ከዚያ ጥቁሩ ቅርፊት እየተነሣ፣ ከሥሩ ቀይ ሥጋ እየሞላ፣ ከብዙ ወራት በኋላ ቁስሉ ገጠመ። ኅዳር 6 ቀን፣ በቁስቋም በዓል፣ ጥላዬን በገዛ እግሬ ሄጄ አስገባሁ። እጥበቱ አልቀረልኝም፤ ስለ እርሱ አሁንም እለምናለሁ፤ በካርዴም ላይ ዋርፋሪን እንዳይሰጠኝ በቀይ ተጽፏል።