ከኤርሚታዥ ኮረብታ የመጣው ቀይ ወይን ጠጅ

ሊዮን መኖር ከጀመርሁ ወዲህ ስለ ፈረንሳይ ወይን ጠጅ ብዙ ሰምቻለሁ፤ ወሬው ሁሉ ግን ወደ ቦርዶና ወደ ቡርጎኝ ያደላል። የእኔ ልብ የቀረው ከዚህ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ወደ ደቡብ ተጉዘው በሚያገኙት፣ ከሮን ወንዝ ግራ ዳር ቀጥ ብሎ በቆመው የኤርሚታዥ ኮረብታ ላይ ነው። ሰሞኑን ከዚያ ኮረብታ የተገኘ፣ የሻቭ ቤተሰብ የ2006 (እ.ኤ.አ.) ምርት የሆነ ቀይ ወይን ጠጅ ቀምሼ ስለነበር፣ ጣዕሙ ከአእምሮዬ ሳይጠፋ ልጽፈው ወደድሁ።

ኮረብታው ስሙን ያህል ትልቅ አይደለም። ኤርሚታዥ ተብሎ እንዲሸጥ የተፈቀደለት ወይን የሚበቅልበት መሬት በጠቅላላው 140 ሄክታር እንኳ አይሞላም። ከታች ከታን ከተማ ቀና ብለው ሲመለከቱት በድንጋይ ካብ የተደገፈ እርከን በእርከን ላይ ተደራርቦ ይታያል። አብዛኛው ቁልቁለት ለትራክተር ስለማይመች ሥራው በእጅ ይሠራል፤ ግንዱ በእንጨት ችካል ላይ እየታሰረ ይቆማል፣ ዝናብ ጠርጎ ያወረደውንም አፈር ወደ ላይ ተሸክሞ መመለስ የገበሬው ግዴታ ነው። በጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ የጸሎት ቤት በተመለከተ፣ በ13ኛው መቶ ዘመን ከጦርነት የተመለሰ አንድ ባላባት በዚያ መንኖ ወይን ተከለ የሚል ትረካ አለ። ትረካው ያምራል፤ የወይኑ ዘር ሲራ ግን አንዳንዶች እንደሚሉት ከምሥራቅ አገር እንዳልመጣና እዚያው ደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ ከሚታወቁ ሁለት የወይን ዝርያዎች እንደተገኘ በዘረመል ምርመራ ተረጋግጧል።

የሻቭ ቤተሰብ ከ1481 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ ማለትም በእኛ አገር ዐፄ እስክንድር ነግሠው ከነበሩበት ዘመን አንሥቶ፣ ወይንን ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፍ ኖሯል። ዛሬ ሥራውን የሚመራው ዣን ሉዊ ሻቭ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ የወይን ጠጅ አሠራር ተምሮ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ከአባቱ ከዤራር ኃላፊነቱን ተረከበ። መኖሪያቸውና የወይን ጓዳቸው ከወንዙ ማዶ፣ ሞቭ በምትባል መንደር ውስጥ ነው።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የማረከኝ የቅልቅሉ ጉዳይ ነው። ቤተሰቡ በኮረብታው ላይ ያለው 15 ሄክታር ገደማ መሬት በአንድ ቦታ የተያዘ ሳይሆን እዚህም እዚያም የተበታተነ ሲሆን፣ አፈሩም ይለያያል። ቤሳር የተባለው ክፍል ግራናይት ስለሆነ ወይኑ ጠንካራና ኮስታራ ይሆናል፤ ሜያል የተባለው ጠጠር የበዛበትና ፀሐይ የሚያግለው ስለሆነ ሥጋ ያለው፣ አፍ የሚሞላ ወይን ይሰጣል፤ ፔሌያ፣ ቦምና ኤርሚት ደግሞ የየራሳቸውን ጠባይ ያመጣሉ። የየቦታው ዘለላ ለብቻው ተለቅሞ፣ ለብቻው ፈልቶ፣ በርሜል ውስጥም ለብቻው ይቆያል። አንድ የሚሆኑት ወደ መጨረሻው፣ ጠርሙስ ከመሞላቱ በፊት፣ እየተቀመሱና እየተመዘኑ ነው። ዛሬ ብዙ አምራች የአንዲት ማሳን ስም በጠርሙሱ ላይ ጽፎ በውድ ዋጋ መሸጥ በሚመርጥበት ጊዜ፣ ይህ ቤተሰብ ከቤሳር ብቻ የተሠራ ወይን አውጥቶ ገበያውን ማስደነቅ ሲችል አለማድረጉ፣ በእኔ አስተያየት፣ ኩራት እንጂ ትሕትና አይደለም። ኮረብታው በሙሉ ካልተናገረ አንዱ ጥግ ብቻውን እንዲናገር አይፈልጉም።

ጠርሙሱን የከፈቱልኝ በወይን ንግድ ላይ ኖረው ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ ናቸው። አንድ ቀን አስቀድመው አቁመውት ስለነበር ዝቃጩ ወደ ታች ወርዷል። ከጠርሙሱ አንገት በስተጀርባ ሻማ አብርተው፣ ትንፋሻቸውን የያዙ ያህል ዝም ብለው፣ ወይኑን በቀስታ ወደ ማንቆርቆሪያው አወረዱት፤ እንደ ጠላ አተላ የጠቆረችው ደለል ወደ አንገቱ ስትጠጋ በቅጽበት እጃቸውን ቀና አደረጉ። ቀለሙ ዳር ዳሩ ወደ ሸክላነት መሄድ ጀምሯል። መጀመሪያ የመጣው ሽታ ጭስና ወይራ ነበር፤ ቆይቶ ቁንዶ በርበሬ ተከተለ። ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም፤ በቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለው ሮተንዶን የተባለው ንጥረ ነገር በሲራ ወይን ልጣጭ ላይም እንደሚገኝ ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። አፍ ውስጥ ሲገባ ታኒኑ፣ ማለትም ከወይኑ ልጣጭ የሚመጣውና አፍን የሚያደርቀው ነገር፣ አለ፣ ግን አይቧጥጥም፤ ከተዋጠ በኋላ ጣዕሙ ቶሎ አይለቅም። ጎረቤቴ ገና ብዙ ዓመት ይቆያል ብለው ቢያምኑም፣ ለእኔ አሁን ያለበት ደረጃ የሚበቃው ይመስለኛል።

ዋጋውን ሳልጠቅስ ማለፍ አይገባኝም። አንዱ ጠርሙስ ከ200 ዩሮ በብዙ ስለሚበልጥ፣ ጋባዥ ባላገኝ ኖሮ ባልቀመስሁት ነበር። ሲራ ራሱ ግን ለሀብታም ብቻ የተፈጠረ አይደለም፤ የቦርዶው ካስቴል ኩባንያ ዝዋይ ላይ ተክሎት የአገራችን ሰው ሪፍት ቫሊ በሚለው ስም ሲጠጣው ዓመታት ተቆጥረዋል።

ከወንዙ ማዶ ሴን ዦዜፍ በሚባለው የወይን አካባቢ ባሻሶን የሚባል ቁልቁለት አለ። የሻቭ ቤተሰብ ጥንተ መሬት ይኸው ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ፊሎክሴራ የተባለው ተባይ የወይኑን ሥር ሲያጠፋው ጥለውት ወጡ፣ ቦታውም ጫካ ሆነ። ዣን ሉዊ ካቡን መልሶ እየገነባ ሲራ ተክሎበታል። የሴን ዦዜፍ ወይናቸው ከኤርሚታዡ በጣም ስለሚረክስ፣ ለፋሲካ ከበግ ጥብስ ጋር ለማቅረብ አንድ ጠርሙስ እገዛለሁ። ሚጥሚጣው ግን በዚያ ቀን ከማዕዱ ራቅ ብሎ ይቆያል፤ ታኒንና ሚጥሚጣ አፍ ውስጥ አይስማሙም።