ሜርክል ከምርምር ይዘውት የወጡት ነገር

ባለፈው ወር ከአካባቢ ጥበቃ ጋር የተያያዘ የመንግሥት ኃላፊነት እንድወስድ ተጠይቄያለሁ። ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ፊዚካል ኬሚስትሪ ሳስተምርና ስመራመር ስለቆየሁ ጥያቄው ደስታም ፍርሃትም አሳድሮብኛል። ካማከርኳቸው ሰዎች ገሚሶቹ አገር የተማረ ሰው ስለምትፈልግ ሳላመነታ እንድገባ መከሩኝ፤ ገሚሶቹ ደግሞ ፖለቲካ ውስጥ የሚገባ ምሁር ምሁርነቱን ደጅ ጥሎ እንደሚገባ ነገሩኝ። ሁለቱም ምክሮች አላሳመኑኝም። ስለዚህ ይህንኑ መንገድ ከእኔ ጋር በሚቀራረብ ሙያ ተነሥተው እስከ መጨረሻው የሄዱትን የቀድሞዋን የጀርመን መራሒተ መንግሥት የአንጌላ ሜርክልን ታሪክ በጥሞና ስመረምር ሰነበትኩ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሜርክል በ1954 በሃምቡርግ ቢወለዱም፣ አባታቸው የፕሮቴስታንት ቄስ ሆነው በምሥራቅ ጀርመን ስለተመደቡ ያደጉት እዚያው ቴምፕሊን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። በላይፕሲግ ፊዚክስ አጠኑ። ይህን ትምህርት ለምን እንደመረጡ በዲሴምበር 2020 ለአገራቸው ፓርላማ ሲያስረዱ፣ ሰው ብዙ ነገር ሊሽር ቢችልም የመሬት ስበትንና የብርሃንን ፍጥነት ግን ሊሽር እንደማይችል እርግጠኛ ስለነበሩ መሆኑን ተናግረዋል። መንግሥት በሁሉም ነገር እጁን በሚያስገባበት አገር ላደገች ወጣት ፊዚክስ መሸሸጊያ ነበር ማለት ነው፤ ይህን ሳነብ ብዙ የሙያ ባልደረቦቼ ትውስ አሉኝ።

ከ1978 ጀምሮ በምሥራቅ በርሊን፣ አድለርስሆፍ፣ በሳይንስ አካዳሚው የፊዚካል ኬሚስትሪ ማዕከላዊ ተቋም ተመራማሪ ሆኑ። በ1986 የዶክትሬት ማዕረግ ያገኙበት ጥናት፣ ነጠላ ኬሚካዊ ትስስር ሲበጠስ ሞለኪውሉ የሚፈራርስበትን ሂደትና ፍጥነቱን በኳንተም ኬሚስትሪና በስታቲስቲክስ ዘዴዎች ማስላት ነበር። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የሕይወት ታሪካቸውን የሚጽፉ ሰዎች ይህን ክፍል በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል። ሞለኪውሉ ለመፈራረስ የሚሻገረው የኃይል ጉብታ አለ፤ የለውጡ ፍጥነትና የጉብታው ከፍታ ያላቸው ዝምድና ግን ቀጥ ያለ መስመር አይደለም። ከፍታውን ሲያሰሉ የተፈጠረች ጥቂት ስህተት በፍጥነቱ ላይ ብዙ እጥፍ ሆና ትወጣለች። ስለዚህ በዚህ ሙያ የኖረ ሰው ትንሽ ቁጥርን መናቅ አይችልም፤ ከነጥብ በኋላ ያለችውን አኃዝ ሳያጣራ ለመናገርም አይደፍርም።

ወደ ፖለቲካ የገቡት የበርሊን ግንብ በኖቬምበር 1989 ከፈረሰ በኋላ፣ በ35 ዓመታቸው ነው። በመጀመሪያ ስሙን «ዴሞክራሲያዊ ጅማሮ» ብለን ልንተረጉመው ወደምንችለው አዲስ ቡድን ሄዱ፤ በማርች 1990 በተካሄደው ምርጫ ቡድኑ ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላ ድምፅ አገኘ። ሆኖም አጋሩ የነበረው ክርስቲያን ዴሞክራቲክ ኅብረት በማሸነፉ ሜርክል የመጨረሻው የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ምክትል ቃል አቀባይ ሆኑ፤ በዲሴምበር የተዋሐደችው ጀርመን ፓርላማ አባልነትን አገኙ፤ በጃንዋሪ 1991 ደግሞ የሴቶችና የወጣቶች ሚኒስትር ተባሉ። ይህን ሁሉ እንደ ድፍረት ብቻ አድርገው የሚተርኩት አሉ። እኔ ግን የሚሰሩበት አካዳሚ ራሱ ከውሕደቱ በኋላ እስከ 1991 መጨረሻ ፈርሶ እንደተበተነ መዘንጋት የለብንም እላለሁ። በምርምር ለመቆየት ቢወስኑም የሚቆዩበት ቤት እየተነሣ ነበር። በተረጋጋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቋሚ ቦታ ላለን ሰዎች ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ከምርምር ያመጡት ልማድ ከሁሉ ይልቅ ግልጽ ሆኖ የታየኝ በኤፕሪል 2020፣ ስለ ኮሮና ቫይረስ ለጋዜጠኞች ማብራሪያ በሰጡበት ዕለት ነው። አንድ በሽተኛ በአማካይ 1.1 ሰው የሚያስይዝ ከሆነ የጀርመን ሆስፒታሎች አቅም በኦክቶበር፣ 1.2 ከሆነ በጁላይ፣ 1.3 ከሆነ ደግሞ በጁን ላይ እንደሚያበቃ በእርጋታ አስረዱ። ከነጥብ በኋላ ያለችው አንዲት አኃዝ ወራትን ስትበላ ሕዝቡ እንዲያይ አደረጉት። በአድለርስሆፍ ሲያሰሉት ከነበረው ነገር ጋር ዝምድናው የሥጋ ዝምድና ያህል ነው፤ ይህን ማብራሪያ ለተማሪዎቼ ደጋግሜ ጠቅሼላቸዋለሁ።

ነገር ግን ታሪኩን እዚህ ላይ ማቆም ራስን መደለል ይሆናል። ሜርክል በ2010 የአገራቸው የኑክሌር ኃይል ማመንጫዎች የአገልግሎት ዘመን እንዲራዘም አደረጉ። በማርች 2011 በጃፓን ሱናሚ ያስከተለው የፉኩሺማ ኑክሌር ማመንጫ አደጋ እንደደረሰ ውሳኔያቸውን ቀለበሱት፤ አሮጌዎቹ ማመንጫዎች ወዲያው ሥራ አቆሙ፣ ቀሪዎቹም እስከ 2022 እንዲዘጉ በሕግ ተወሰነ። በጀርመን የከባድ ሱናሚ ሥጋት የለም፤ ስለ ጀርመን ማመንጫዎች የሚታወቀው ፊዚክስም በዚያ ሳምንት አልተለወጠም። ሜርክል ራሳቸው ያቀረቡት ምክንያት፣ እንደ ጃፓን በቴክኖሎጂ የላቀች አገር እንኳ ጥቂት የተባለውን ቀሪ አደጋ በአስተማማኝ ሁኔታ መቆጣጠር አለመቻሏ አመለካከታቸውን እንደቀየረው ነበር። ከአደጋው ሁለት ሳምንት ያህል በኋላ በጀርመኑ ክፍለ ግዛት በባደን ቩርተምበርግ ምርጫ ፓርቲያቸው ለ58 ዓመታት ይዞት የነበረውን ሥልጣን እንዳጣም እናስታውሳለን። ውሳኔው ስህተት ነው የሚሉ ሰዎች ሳይንቲስቷ ለድምፅ ሲሉ ሳይንስን ሸጡ ይላሉ። በዚህ አልስማማም። አንድ አደጋ በስንት ዓመት አንድ ጊዜ ሊደርስ እንደሚችል ስሌት ይነግረናል፤ አደጋውን ለመሸከም መፍቀድና አለመፍቀድ ግን የሚሸከመው ሕዝብ ጉዳይ ነው፣ ያንን የሚመልስ ቀመርም የለም።

ይልቅስ የሚከብደኝ የአየር ንብረቱ ነገር ነው። ሜርክል የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር ሳሉ፣ በ1995 በርሊን ላይ የተካሄደውን የመጀመሪያውን የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ መርተዋል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ለተደረሰበት የኪዮቶ ስምምነት መንገድ የከፈተው ያ ጉባኤ ነው። በካርቦን ክምችት ላይ የሚደረገውን ስሌት ከእሳቸው በላይ የሚረዳ የአገር መሪ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ከ2005 ጀምሮም 16 ዓመት በመራሒተ መንግሥትነት ቆዩ። እንዲህም ሆኖ በ2021 የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት፣ መንግሥታቸው ያወጣው የአየር ንብረት ሕግ ከባዱን ሸክም ከ2030 በኋላ ለሚመጣው ትውልድ የሚያስተላልፍ በመሆኑ በከፊል ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደሚጋጭ ወሰነ። በዚያው ዓመት በጁላይ ሜርክል ከግቡ አንጻር የተሠራው በቂ እንዳልሆነ ራሳቸው ለጋዜጠኞች አምነዋል። ያጎደላቸው እውቀት አልነበረም። የጥምር መንግሥት አጋር፣ የመኪና ኢንዱስትሪው፣ የከሰል ማዕድን ሠራተኛው፣ መራጩ፣ እያንዳንዱ የየራሱ ክብደት ነበረው፤ እሳቸውም አብዛኛው ሰው የሚፈቅደውን ያህል እየለኩ መራመድን መረጡ። በምርምር ማስረጃ እስኪሟላ መጠበቅ ጨዋነት ነው፤ በሥልጣን ላይ ግን መጠበቁ ራሱ ውሳኔ ሆኖ ይቆጠራል፣ ዋጋውንም ሌላ ሰው ይከፍለዋል።

ይህን ሁሉ ካሰብኩ በኋላ ለጋበዙኝ ሰዎች ደብዳቤ ጻፍኩ። ደመወዝ አልጠየቅኩም፣ የሥራ መጠሪያም አልተከራከርኩም። የወንዝ ውሃ ብክለት ልኬት ከዕቅድ ጋር ሳይገጥም ሲቀር ሪፖርቱ ለማን እንደሚቀርብ፣ በስንት ቀን ውስጥ ለሕዝብ እንደሚገለጽና ያንን የመወሰን ሥልጣን የማን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ ጠይቄያለሁ። መልሱ እስከ ዛሬ አልደረሰኝም። የሁለተኛው መንፈቅ ትምህርት በሚቀጥለው ሳምንት ይጀመራል፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ርዕስም የኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነት ስለሆነ ማስታወሻዬን እያዘጋጀሁ ነው።