አስና ኪንግ ይዞ ከሽልማት አፋፍ መውደቅ

በስደት አገር ፖከርን በካሽ ጌም (ቺፑ በቀጥታ በገንዘብ የሚመነዘርበት ጨዋታ) ሲጫወት ቆይቶ ወደ ቶርናመንት (እስከ መጨረሻ የቆዩት ብቻ የሚሸለሙበት ውድድር) የሚሻገር ሰው ክፉኛ የሚከስረው ቺፕን እንደ ገንዘብ ሲቆጥር ነው። ካሽ ጌም ላይ ቺፑ እጥፍ ሲሆን ገንዘቡም እጥፍ ይሆናል። ቶርናመንት ላይ ግን አይሆንም፤ ጉዳቱ ደግሞ በባብል (bubble) ላይ፣ ማለትም አንድ ሰው ብቻ ወድቆ ሌላው ሁሉ ተሸላሚ ሊሆን ሲል ይብሳል።

አራት ሰው ቀርቷል እንበል፤ የሚሸለሙት ሦስት ናቸው፤ ሽልማቱም 500፣ 300 እና 200 ነው። ሁሉም እኩል ቺፕ ስላላቸው የእያንዳንዱ ድርሻ 250 ነው። አንዱ ኦል ኢን አለ፣ ማለትም ያለውን ቺፕ በሙሉ አስያዘ፤ እናንተ አስና ኪንግ ይዛችኋል። ተቀብላችሁ ብታሸንፉ ከጠቅላላው ቺፕ ግማሹ የእናንተ ነው። ድርሻችሁ 500 ይመስላል፣ አይደለም። አንደኛ የመውጣት ዕድላችሁ ግማሽ ነው (250)፣ ሁለተኛ የመውጣት አንድ ሦስተኛ (100)፣ ሦስተኛ የመውጣት አንድ ስድስተኛ (33)፤ ሲደመር 383። ብትሸነፉ ግን ዜሮ። 250ውን በእጅ ካለ ነገር ቆጥራችሁ ለ383 ስታሲዙት፣ ላለመክሰር ብቻ 65 በመቶ ያህል ማሸነፍ አለባችሁ። ብላይንድ (በየተራ በግዴታ የሚከፈለውን መያዣ) ከፍላችሁ ከሆነ ቁጥሩ ጥቂት ዝቅ ይላል።

አሁን ካርታውን እዩት። ምልክታቸው (ልብ፣ ጦር ወዘተ) የተለያየ አስና ኪንግ በጥንድ ኩዊን ላይ የሚያሸንፈው 43 በመቶ አካባቢ ነው። በጥንድ አስ ላይ 7 ገደማ። አስና ኩዊን ከገጠመው 74 ይደርሳል። ያ ሰው ካርታውን ሳያይ ኦል ኢን ቢል እንኳ 65 ነው፤ ማለትም ተቃዋሚው በጭፍን እየተጫወተ እናንተ ገና ከኪሳራ ጠርዝ ላይ ናችሁ! ስለዚህ ፎልድ፣ ማለትም ካርታውን ጣሉት። ያማል፣ ግን ፎልድ።

ያው ካርታ ቀድማችሁ ኦል ኢን ካላችሁበት ነገሩ ይገለበጣል። ያን 65 በመቶ የመፈለግ ጣጣ አሁን የሌላው ነው፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ይጥልላችኋል። መቀበልም አንዳንዴ ልክ ነው፦ የእናንተ ቺፕ ብዙ፣ የእሱ ጥቂት ሆኖ ብትሸነፉም የማትወድቁ ከሆነ። ሌላ ተጫዋች ለሁለት ብላይንድ ብቻ የሚበቃ ቺፕ ቀርቶት ከሆነ ግን ይበልጥ ጠበቅ በሉ፤ እሱ ቀድሞ ይወድቃልና።

ኮል ከማለታችሁ (የተያዘውን ከመቀበላችሁ) በፊት ዲለሩን (ካርታ አዳዩን) “ስንት ነው?” ብላችሁ የኦል ኢኑን ቺፕ አስቆጥሩ፤ መብታችሁ ነው። በዓይን ግምት የተጠራ ኮል አይመለስም። ሬይዝ ለማድረግም (መያዣውን ከፍ ለማድረግ) መጀመሪያ በአፍ ተናገሩ፤ ዝም ብላችሁ አንድ ትልቅ ቺፕ ብትወረውሩ እንደ ኮል ነው የሚቆጠረው።

የአገር ልጅ ከጎናችሁ ከተቀመጠ ደግሞ ወሬውን አቆዩት። አሜሪካ ውስጥ ካርታ ታድሎ ጨዋታው እየሄደ ሳለ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ መናገር በብዙ ቶርናመንቶች ክልክል ነው። ስለ እራት ብታወሩም ሌላው የተጠቋቆማችሁ ይመስለዋል። ቅጣቱ ከማስጠንቀቂያ አልፎ አንድ ዙር ከጠረጴዛ መነሳት ሊሆን ይችላል፤ እናንተ ቆማችሁ ስታዩ ብላይንዱ ከቺፓችሁ መቆረጡን ይቀጥላል።