ዲጄው ምን ሠራ? አንድ የትራንስ ስብስብ የገመገምኩበት መንገድ

ሲዲውን ያገኘሁት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ነው፤ በ2 ዶላር። ሽፋኑ ተጫጭሯል፣ ዲስኩ ግን ንጹሕ ነበር። የእንግሊዛዊው ዲጄ የፖል ኦከንፎልድ «ትራንስፖርት»። ኪኔቲክ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ በ1998 ያወጣው፣ 11 ሙዚቃዎች ሳይቋረጡ እየተያያዙ የሚሄዱበት ስብስብ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሳቸው።) ስሙ ትራንስን፣ ማለትም በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚሠራውን የጭፈራ ሙዚቃ፣ እና ትራንስፖርትን አንድ ላይ ያጣመረ ነው። ሌሊት ታክሲ ለሚነዳ ሰው ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም።

የዚያን ሰሞን የአካባቢያችን የአማርኛ ሬዲዮ ዝግጅት አዘጋጅ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ «ሁልጊዜ ስለ ጥላሁንና ስለ አስቴር ነው የምናወራው፤ እስቲ አንተ የምትሰማውን ነገር አምጣልን፣ ስምንት ደቂቃ እሰጥሃለሁ» አሉኝ። ደስ አለኝ። ይህን ሙዚቃ ከልቤ እወደዋለሁ፤ ለወገኖቼ በራሴ ቋንቋ የማወራበት ዕድል ግን ከዚያ በፊት አጋጥሞኝ አያውቅም።

በሁለት ቀን ጽፌ ጨረስኩ። አጻጻፌ ቀላል ነበር፤ 11 ሙዚቃ ስላለ 11 አንቀጽ። የመጀመሪያው ጥሩ ነው፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይሻላል፣ አምስተኛው ረዘመብኝ፣ ወዘተ። ለእያንዳንዱም ከአምስት ነጥብ ሰጠሁት። ለጋሼ ወስጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ይሄ ሰውዬ ምን ሠራ?»

«እንዴት ጋሼ?»

«ሙዚቃዎቹ የሌሎች ናቸው ብለሃል። አልዘፈነም፣ መሣሪያ አልተጫወተም። ታዲያ ሽፋኑ ላይ ስሙ ለምን ወጣ?»

መልስ አልነበረኝም። ይህን ዓይነት ሙዚቃ ለዓመታት ስሰማ ኖሬ፣ የጻፍኩት ግን ስለ ሌላ ነገር እንደነበር ያኔ ገባኝ። 11 ዘፈኖችን ገምግሜ ዲጄውን ረስቼዋለሁ። ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ፤ እንደገና ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

መጀመሪያ ያደረግሁት 11ዱንም ሙዚቃዎች ለየብቻቸው፣ ዲጄው ሳይነካቸው በፊት በነበሩበት መልክ ፈልጎ መስማት ነው። ይህን አለማድረጌ ትልቁ ስህተቴ ነበር። የዚያ ዘመን የትራንስ ሙዚቃ ለዲጄ ታስቦ በትልልቁ ባለ 12 ኢንች ሸክላ ይወጣ ነበር፤ መግቢያውና መውጫው ላይ ብዙውን ጊዜ ከበሮ ብቻ የሚመታበት ረጅም ቦታ አለው። ለብቻው የሚሰማ ሰው ይሰለቸዋል። ለዲጄው ግን እጀታው ያ ነው፤ የሚወጣውን ሙዚቃ መጨረሻ ከሚገባው መጀመሪያ ጋር አስተካክሎ የሚይዝበት። ሙሉውን ሰምቼ ወደ ሲዲው ስመለስ ኦከንፎልድ የቱን እንዳሳጠረ፣ የቱን እስኪያልቅ እንደተወው፣ የቱን ቶሎ እንዳስገባው ጆሮዬ ይለይ ጀመር። «ምን ሠራ?» ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነበር።

ቀጥሎ ደብተር ያዝኩ። የግራው ዓምድ ደቂቃ፣ የመሐሉ የሚገባው ድምፅ፣ የቀኙ የሚወጣው ድምፅ። አንድ መጋጠሚያ፣ ሁለት ሙዚቃዎች የሚያያዙበት ቦታ፣ ሲጀምርና ሲያበቃ ሰዓቱን እጽፋለሁ። ይህ ሥራ መቁጠር ይጠይቃል፤ እኔን ደግሞ መቁጠር አስቸገረኝ። ጆሮዬ ያደገው በጭክችካ ነው፤ ሰውነቴ በስድስት ስምንተኛ ነው የሚወዛወዘው። ትራንስ ግን በአራት በአራት ይሄዳል፣ ነገሩም የሚለወጠው 16 ወይም 32 ሜዠር (አንዱ ሜዠር አራት ምት ነው) ሲሞላ ነው። ፍጥነቱ በደቂቃ 136 ምት ቢሆን 16 ሜዠር 64 ምት ነው፤ 28 ሰከንድ ገደማ። ጣቴን መሪው ላይ እየመታሁ ስለምድ ከቆየሁ በኋላ ሳልቆጥርም ለውጡ መምጫው ይታወቀኝ ጀመር። ጥሩ መጋጠሚያ ማለት የሁለቱ ሙዚቃዎች አራት አራቶች ብቻ ሳይሆኑ እነዚህ ትልልቅ ክፍሎችም አብረው የሚዞሩበት ነው። ካልዞሩ ምቱ ልክ ሆኖ እንኳ አንዳች ነገር ይጎረብጣል።

የት እንደሚሰማም ለውጥ ያመጣል። በመጀመሪያው ግምገማዬ አንዱን መጋጠሚያ «ድንገት የተቆረጠ» ብዬ ነቅፌው ነበር። የሰማሁት ማድ ቤት ባለችው ትንሽ ስፒከር ነው። በኋላ በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ለካ ዲጄው ረጅም ሥራ ሠርቷል፤ የሚወጣውን ሙዚቃ ቤዝ ቀስ አድርጎ እየቀነሰ የሚገባውን ቤዝ በቦታው ይተካል። ሁለት ቤዝ አንድ ላይ ከጮኸ ድምፁ ይደፈርሳል፤ ስለዚህ ዲጄዎች ቤዙን ይለዋወጡታል። ትንሿ ስፒከሬ ቤዝ ስለማታሰማ ዋናው ጥበብ ጭራሽ አልተሰማኝም። ያንን ዓረፍተ ነገር ሰረዝኩ። ከዚያ ወዲህ አንድን ሚክስ (እንዲህ ተያይዞ የተሠራ ስብስብ) ቢያንስ በሁለት ቦታ ሳልሰማ አንድ ቃል አልጽፍም።

ሁለተኛው ቦታ ለእኔ መኪናዬ ነው። ዋሽንግተንን ከብቦ የሚዞረው 495 አውራ ጎዳና 64 ማይል ርዝመት አለው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ በሕጋዊው 55 ማይል ፍጥነት አንድ ዙር ለመጨረስ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ሙሉው ሲዲም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ደንበኛ በሌለበት ሌሊት ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቼ፣ በቨርጂኒያ በኩል ዞሬ፣ የፖቶማክን ድልድይ ተሻግሬ ስመለስ የመጨረሻው ሙዚቃ ይጠናቀቅ ነበር። ማቆምም ማለፍም የለም። አራት ጊዜ ዞሬዋለሁ። ቤንዚኑ ከኪሴ ነው፤ አልቆጨኝም።

በሦስተኛው ዙር ላይ ነው አባቴ ትዝ ያለኝ። አባቴ ማኅሌት ቋሚ ነበር። በልጅነቴ በበዓላት ሌሊት አጠገቡ ተቀምጬ እንቅልፍና ንቃት እየተፈራረቁብኝ አድር ነበር። መጀመሪያ ቁም ዜማው ያለ ከበሮ ይወርዳል፤ ከዚያ ዝማሜ በመቋሚያ፤ ከዚያ ከበሮና ጸናጽሉ ገብተው መረግዱ ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ እየጠነከረ ሄዶ በመጨረሻ ጽፋቱ በጭብጨባ ይደርሳል። ያንን ጭብጨባ ለብቻው ቆርጦ ቢያሰሙኝ ምንም አይለኝም። የሚያነሳኝ ሌሊቱን ሙሉ ስለጠበቅሁት ነው። ቅዱሱን ነገር ከጭፈራ ቤት ጋር ማነጻጸሬ አይደለም፤ በሬዲዮም ይህን አልተናገርኩትም፣ ቦታው አይደለምና። ጆሮዬ ግን መጠበቅ ምን እንደሚያደርግ የተማረው እዚያ ነው። ዲጄውም የሚሠራው በመጠበቅ ነው። ከበሮውን ያወጣዋል፣ ዜማው ብቻውን ይንሳፈፋል፣ እየጋለ የሚወጣው አቀበት ይጀምራል፣ ከበሮው ሲመለስ ሰው እጁን ያነሳል። ያ እጅ የሚነሳው ከሃያ ደቂቃ በፊት በተደረገ ነገር ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ይህን ይዤ ስሰማው ስለ «ትራንስፖርት» ያለኝ አስተያየት ተለወጠ፤ በሁለት አቅጣጫ።

በአንድ በኩል አከበርኩት። በፊት «የታወቁ ዜማዎች ክምችት» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ይህ ሙዚቃዎቹ የወጡበትን ዓመት ካለማየት የመጣ ፍርድ ነው። የኢነርጂ 52 «ካፌ ዴል ማር» ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው ዜማ ነው። መጀመሪያ የወጣው በ1993 ሲሆን፣ ሲዲው ላይ ያለው፣ ስሪ ኤን ዋን የተባሉት እንደገና የሠሩት ሪሚክስ ግን የ1997 ነው፤ ስብስቡ ሲታተም ገና ትኩስ ነበር። የሆላንዶቹ የስሪ ድራይቭስ «ግሪስ 2000»ም፣ ጀርመናዊው ፖል ቫን ዳይክ እንደገና የሠራው የባይነሪ ፋይነሪ «1998»ም እንዲሁ። ሰውዬው የታወቁትን አልሰበሰበም፤ ብዙ አሜሪካዊ እነዚህን ዜማዎች ያወቃቸው በዚህ ሲዲ ነው። የአይስላንዶቹ የጋስጋስ ሙዚቃ ዲጄው ሳሻ በነካው መልክ ከእነዚህ መሐል መግባቱም የመራጩን ጆሮ ያሳያል፤ ቀዝቀዝ ያለ፣ ወደ ፕሮግረሲቭ ሃውስ (ረጋ ወዳለው የትራንስ ዘመድ) ያደላ፣ ከትራንሱ ግለት መሐል ጥላ የሆነ።

እዚህ ላይ ሌላ ስህተቴን ልናገር። «የካፌ ዴል ማር ዜማ ኢቢዛ ላይ ተወለደ» ብዬ ጽፌ ነበር፣ ስሙ በዚያች የስፔን ደሴት ላይ ያለው የታወቀ ቡና ቤት ስም ስለሆነ። ሙዚቃው የጀርመኖች ነው፤ ዜማውም የተወሰደው ቤልጅጋዊው የሙዚቃ ደራሲ ዊም መርተንስ በ1983 ካወጣው ሥራ ነው። ያንን የመርተንስን ሥራ ፈልጌ ስሰማው ከበሮ እንኳ የለውም፤ ዜማው ግን ያው ራሱ ነው። ለአንድ ሰዓት ያህል ሁለቱን እያፈራረቅሁ ሰማሁ። ስም አይቶ ታሪክ መጻፍ እንዴት እንደሚያሳስት ያኔ አየሁ፤ በሬዲዮ ብናገረው ኖሮ የሚያውቅ ሰው ፊት አፍር ነበር።

በሌላ በኩል ደግሞ ጉድለቱን ለመናገር ድፍረት አገኘሁ። «ትራንስፖርት» ዕረፍት ያንሰዋል። ትልልቆቹ ዜማዎች ተከታትለው ይመጣሉ፤ አንዱ አቀበት ሳይረሳ ሌላው ይጀምራል። ያው ኦከንፎልድ በታኅሣሥ 1994 ለቢቢሲ ሬዲዮ 1 የሠራውን፣ «ጎዋ ሚክስ» የሚባለውን የሁለት ሰዓት ዝግጅት ሰው አብሮ ይስማው። እዚያ ላይ የፊልም ሙዚቃ ያስገባል፣ ያዘገያል፣ ያሳርፋል። ይችላል ማለት ነው፤ እዚህ ግን አላደረገውም። አንድ ሲዲ ላይ የሚገባው ከ80 ደቂቃ አይበልጥም፣ ሲዲውም የታሰበው ለአዲስ አድማጭ ነበር። ይህ ምክንያቱን ያስረዳኛል፤ ድካሜን ግን አያስቀረውም። አራት ዙር ዞሬ አራቱንም ጊዜ ወደ መጨረሻው አካባቢ ደክሞኛል።

ቋንቋው ሌላ ትግል ነበር። ትራንስና ፕሮግረሲቭ ሃውስ ምን እንደሚለያቸው ለእናቶች ጭምር ማስረዳት ነበረብኝ። ፕሮግረሲቭ ሃውስ የሚለውን ስም በ1992 ሚክስማግ በተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ላይ ያስተዋወቀው ጋዜጠኛው ዶም ፊሊፕስ ነው። (ይኸው ሰው ከዓመታት በኋላ ስለ አማዞን ደን የሚጽፍ ዘጋቢ ሆኖ በ2022 እዚያው ተገደለ። ይህን ሳነብ ብዙ ሰዓት ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።) እኔ ያልኩት እንዲህ ነው፦ ፕሮግረሲቭ ሃውስ ረጋ ያለ ነው፣ በደቂቃ 120ዎቹ ውስጥ ይመታል፣ ቀስ እያለ ይለወጣል፤ ትራንስ ከ130 በላይ ይፈጥናል፣ ዜማውን ከፍ አድርጎ ይዘምረዋል። መሐላቸው ያለው ድንበር ግን አጥር የለውም፤ በዚያ ዘመን አንድ ዲጄ በአንድ ሌሊት ሁለቱንም ይረግጥ ነበር። «ብሬክዳውን» ለሚለው «ፋታ»፣ «ቢልድ አፕ» ለሚለው «አቀበት» አልኩ። «ዲጄ»ን፣ «ሪሚክስ»ን፣ «ቤዝ»ን እንዳሉ ተውኳቸው፤ ሁሉም ያውቃቸዋል።

ጋሼ አንድ ነገር ጨመሩ፦ «ለእኛ ሰው ምኑ ነው?» ይህን በአንድ አንቀጽ መለስኩ። ዲፕ ዲሽ የሚባሉት፣ በዓለም የታወቁት ሁለት ዲጄዎች፣ የወጡት ከዚሁ ከዋሽንግተን አካባቢ ነው፤ ሁለቱም ኢራን የተወለዱ ስደተኞች ናቸው፤ በ2002 በሪሚክስ ሥራቸው ግራሚ ተሸልመዋል። እኛ በምንኖርበት ከተማ፣ እንደኛ ከሩቅ በመጡ ሰዎች እጅ የተሠራ ሙዚቃ ነው።

በስርጭቱ ቀን አንድም ሙሉ ሙዚቃ አላሰማሁም። ያሰማሁት አንድ መጋጠሚያ ብቻ ነው፤ አንድ ደቂቃ ተኩል። ከማሰማቴ በፊት «ሁለተኛው ሙዚቃ የቱ ጋ እንደሚገባ ልብ ብላችሁ ስሙ» አልኩ። ጋሼ ስቱዲዮው ውስጥ ፊት ለፊቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። ሦስት ጊዜ ጣታቸውን አነሱ፣ ሦስቱንም ጊዜ መልሰው አወረዱ። ቤዙ ሲቀየር በአራተኛው ጠረጴዛውን መታ አደረጉ። ማይክሮፎኑ ክፍት ነበር፤ መታ ያደረጉት ተሰማ።

ለሚቀጥለው ወር የሳሻንና የጆን ዲግዊድን የ1996 «ኖርዘርን ኤክስፖዠር» ይዣለሁ። ሁለት ዲስክ ስለሆነ አንድ ዙር አይበቃውም።